በጅማ ለአቅመ ደካማ ሰው ቤት፣ ሕክምናና ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል? ከላስቲኩ ይጀመራል

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችንን ይዤ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ እግራቸው አብጦ መቆም አቅቷቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን «የነፃ ሕክምና ደብዳቤ አምጡ» ተባልን። በሁለተኛው ቀን ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ስብሰባ ገብቷል። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤው ሊጻፍ ሲል የእማማ መታወቂያ ጊዜው ካለፈበት አራት ዓመት እንደሆነው ታወቀ። እማማ ባጃጅ ውስጥ ነጠላቸውን ተከናንበው «እኔ እኮ አርባ ዓመት እዚህ የኖርኩ ነኝ፤ ማን አያውቀኝም?» አሉ። ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። መዝገቡ ነው የማያውቃቸው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእንደዚህ ዓይነት ሰው፣ ይልቁንም አብሮት ለሚመላለሰው ልጅ፣ ጎረቤት ወይም የእድር ጓደኛ ነው። ድጋፍ የሚጀምረው ከሆስፒታል በር ሳይሆን ከቀበሌ መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ላይ መስፈሪያው ጊዜ ደግሞ ሰውየው ገና በእግሩ ሲሄድ ነው።

አንደኛ፦ ላስቲኩን ያዘጋጁ

ዝናብ የማያስገባ፣ የሚታሠር ላስቲክ ይግዙ። ጅማ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም፤ በጭቃ ቤት ፍራሽ ሥር የተቀመጠ ወረቀት ክረምቱን አይሻገርም። በውስጡ የሚገቡት እነዚህ ናቸው፦

- ጊዜው ያላለፈ የቀበሌ መታወቂያ
- የፋይዳ (የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ቁጥር ያለበት ወረቀት ወይም ካርድ
- ቢያንስ ስድስት ጉርድ ፎቶ
- የቤት ውል ወይም የኪራይ ደረሰኝ
- የትዳር ጓደኛ ሞቶ ከሆነ የሞት ምስክር ወረቀት፤ ልጅ ካለ የልደት ምስክር ወረቀት
- የቆዩ የሕክምና ወረቀቶች፣ በተለይ የመድኃኒት ማዘዣና የሪፈር (ወደ ሌላ ጤና ተቋም የሚያስተላልፍ) ወረቀት
- የባንክ ደብተር

የሁሉንም ሁለት ሁለት ፎቶ ኮፒ ያስነሱ። ዋናውን ለማንም ትተው አይውጡ፤ «ፋይል ውስጥ እናስቀምጠው» ቢባሉም ኮፒውን ነው የሚሰጡት።

ብዙ ሰው የሚወድቀው መታወቂያ ላይ ነው። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከደዶ ወይም ከሊሙ የመጣ ሰው ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ (የመልቀቂያ ደብዳቤ) ካላመጣ አዲሱ ቀበሌ አይመዘግበውም። መሸኛ ሳይዙ ወጥተው ከሆነ ተመልሶ ማምጣት እንጂ አቋራጭ የለውም። በመንደሩ የቀረ ዘመድ ካለ አስቀድሞ ተደውሎለት ጉዳዩን ቢያስጀምር አንድ ጉዞ ይበቃል። የግለሰብ ቤት ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ቀበሌው አከራይዎ ቀርቦ «አዎ፣ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው» እንዲል ይፈልጋል። አንዳንድ አከራይ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ይሸሻል። እዚህ ላይ መጨቃጨቅ አያዋጣም፤ የሚያከብሩትን ሽማግሌ ወይም የእድር ዳኛ ይላኩበት።

ፋይዳ ምዝገባው ነፃ ነው። ምንም ዓይነት ሰነድ የሌለው ሰው እንኳ ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ምስክር ሆኖለት መመዝገብ እንዲችል ሕጉ ይፈቅዳል። ለጎዳና አዳሪና ከቤት ወጥተው ለማያውቁ አረጋውያን ይህ ትልቅ በር ነው። የሚመዘገበው ስልክ ቁጥር ግን ይታሰብበት። የምስጢር ቁጥሩም መልእክቱም የሚመጣው በዚያ ስልክ ስለሆነ፣ ስልክ የሌላቸውን እናት ባላፊ አግዳሚ ቁጥር አያስመዝግቡ።

ሁለተኛ፦ ቀበሌ ሲገቡ

በጅማ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ደብዳቤውም ቅጹም ማስታወቂያውም በኦሮምኛ ነው የሚወጣው። አብዛኛው ሠራተኛ በአማርኛ ያነጋግርዎታል፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስም ዝርዝር ግን ማንም አያነብልዎትም። ስለዚህ ጥቂት ቃላት ይያዙ፦ ጋንዳ ቀበሌ ነው፤ ዋጂራ ጽሕፈት ቤት፤ ዋራቃ ኤኙማ መታወቂያ፤ ቡፈታ ፈያ ጤና ጣቢያ፤ ኢየታ አቤቱታ፤ ዴገርሳ ድጋፍ፤ ሂዬሳ ደግሞ ድሃ። «ዴገርሳ» የሚል ርእስ ያለው ወረቀት ተለጥፎ ካዩ ቆም ብለው ያስነብቡ። ማመልከቻዎንም ኦሮምኛ በሚጽፍ ሰው ቢያስጽፉ ለትርጉም እየተባለ አይጓተትም።

ሲገቡ «እርዱኝ» ብቻ አይበሉ። ለየትኛው ጉዳይ፣ ምን ዓይነት ደብዳቤ፣ ለማን እንደሚጻፍ ይናገሩ፦ «የጤና መድኅን የደሃ ደሃ ምልመላ ላይ መመዝገብ ፈልጌ ነው» ወይም «ለቤት ጥገና ማመልከት ፈልጌ ነው»። ያነጋገረዎትን ሰው ስምና ቀኑን ከላስቲኩ ውስጥ ባለ አንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፤ በሦስተኛው ምልልስ ላይ ግን «ማን ነው እንዲህ ያለዎት?» ሲባሉ መልስ ይኖርዎታል።

ደግሞም ደላላ አያስገቡ። የድጋፍ ቅጽ አይሸጥም። «ስምህን አስገባልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ገንዘቡን ይወስዳል፣ ስሙ ግን አይገባም።

ሦስተኛ፦ የጤና መድኅን

ከሁሉ በፊት የሚያዋጣው ይህ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ የእኛው ሊሙ ኮሳ ነበር፤ በዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። አባልነቱ በቤተሰብ ነው። እማወራዋ ወይም አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ቤተሰቡ በአንድ ካርድ ይታከማል። ዕድሜያቸው 18 ዓመት የሞላ ልጆች ተጨማሪ ክፍያ አላቸው።

መክፈል የማይችለው የደሃ ደሃ የሚባለው ነው፤ የእሱን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። ግን በራሱ አይመጣም። ቀበሌው ኮሚቴ አቋቁሞ ይመለምላል፤ ኮታም አለው። እዚህ ላይ የሚረዳዎት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ቤት ለቤት የምትዞረው እሷ ስለሆነች የማን ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ቃሏም ኮሚቴው ዘንድ ይሰማል። ስትመጣ በር ላይ «ደህና ነን» ብለው አይሸኟት። አስገብተው ሁሉንም ይንገሯት።

የምዝገባው ወቅት በዓመት አንዴ ተከፍቶ ይዘጋል። ካመለጠዎት እስከሚቀጥለው ዓመት ከኪስ ነው። ስለዚህ መቼ እንደሚከፈት አሁኑኑ ይጠይቁና ቀኑን ላስቲኩ ላይ ይጻፉት። ከፍለውም ከሆነ ካርዱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሠራ ያረጋግጡ፤ ዛሬ ከፍሎ ነገ ሊታከም የሄደ ብዙ ሰው ተመልሷል። ካርዱ ላይ የቤተሰቡ ሁሉ ስምና ፎቶ መኖሩንም ይዩ። አያት ሳይጻፉ የቀሩበት ካርድ አይቻለሁ፤ ቤተሰቡ የተመዘገበው ግን ለእሳቸው ሕክምና ሲል ነበር።

ካርዱ የማይሸፍነውም አለ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለቁንጅና የሚደረግ ሕክምና ውስጥ አይገቡም። ከዚህ ይልቅ ሕዝቡ የሚያማርረው «መድኃኒት የለም» በሚለው መልስ ነው። እንዲህ ሲባሉ ዝም ብለው አይውጡ። መድኃኒቱ አለመኖሩን ማዘዣው ላይ ጽፈው ማኅተም እንዲያደርጉበት ይጠይቁ፤ ከመድኅኑ ጋር ውል ያለው ሌላ መድኃኒት ቤት እንዳለም ያጣሩ። ከኪስ ከገዙ ደረሰኙን ያስቀሩ።

አራተኛ፦ ሲታመሙ መንገዱ የቱ ነው?

ቅደም ተከተሉን መዝለል ያስከፍላል። በመጀመሪያ ካርዱ ላይ የተጻፈው የአካባቢዎ ጤና ጣቢያ፤ ከዚያ በሪፈር ሸነን ጊቤ ሆስፒታል፤ ከዚያም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል። ማዕከሉ ለመላው ደቡብ ምዕራብ የመጨረሻው ሪፈራል ስለሆነ ሁልጊዜ ይጨናነቃል። ቤታችን ቅርብ ነው ብለው በቀጥታ የሚሄዱ የጅማ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሪፈር ወረቀት ከሌለዎት ግን መድኅኑ ሙሉውን አይሸፍንልዎትም።

ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ይህ ሁሉ ይቀራል። ደም እየፈሰሰው፣ ራሱን ስቶ፣ ምጥ ጠንቶባት ወይም ትንፋሽ አጥሮት የመጣን ሰው ማንኛውም የጤና ተቋም ያለ ቅድመ ክፍያ ተቀብሎ የመጀመሪያ እርዳታ የመስጠት ግዴታ አለበት። ስለ ወረቀቱ የሚወራው ሰውየው ከተረጋጋ በኋላ ነው። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

ካርድም ገንዘብም ሳይኖር በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ፦ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢ ምርመራና ሕክምና፣ የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው «ገንዘብ የለኝም» ብሎ ቤት መቀመጥ የለበትም።

የአእምሮ ሕመም ለብቻው ይነሣ። ጅማ በዚህ በኩል ከብዙ ከተሞች የተሻለች ናት፤ የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል የቆየና የታወቀ ነው። ጠበልም ሆነ ዱዓ የሚሄድ ይሂድ፤ አልከለክልም። መድኃኒት ማቋረጥና ሰው ማሠር ግን ሌላ ነገር ነው። ቤተሰቡ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ለቀበሌው ማኅበራዊ ጉዳይ አመልክቶ አጃቢ መጠየቅ ይችላል።

አምስተኛ፦ ቤት

እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የከበደው ይህ ነው፤ በዚህ ላይ የሚያስጎመጅ ነገር አልጽፍም።

የቀበሌ ቤት የሚባለው ከሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የመጣ ነው። ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። ትንንሾቹና አሮጌዎቹ ማለት ነው፤ ዛሬም እነዚያው ናቸው፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ በሆነ ዕድሜ። ክፍት ቤት የሚገኘው ተከራይ ሲሞት ወይም ሲለቅ ነው። ስለዚህ «የቀበሌ ቤት ስጡኝ» የሚል ማመልከቻ አስገብቶ መጠበቅ ብቻውን ተስፋ አይሆንም። ያስገቡ፣ ቁጥሩን ይያዙ፣ በየጊዜው ይጠይቁ፤ ጎን ለጎን ግን ሌላውን ይሥሩ።

አሁን በቀበሌ ቤት የሚኖሩ ከሆነ ትልቁ ሥራ ያለዎትን አለማጣት ነው። ውሉ በማን ስም ነው? በሟች አባት ስም ከሆነ አብሮ ነዋሪ መሆንዎን አስመስክረው ውሉ ወደ ስምዎ እንዲዞር ዛሬውኑ ይጠይቁ። ኪራዩ ትንሽ ነው ብለው ወራት አያጠራቅሙ፤ ደረሰኙን በየወሩ ይያዙ። መንገድ ሲሰፋ ወይም የኮሪደር ልማት ሲመጣ የሚቆጠረው ውሉ ላይ ያለው ስም ነው። ደባል ሆኖ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው በዚያ ቀን ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

የቤት ጥገና በአንጻሩ በእውነት የሚገኝ ነገር ነው። በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፣ አንዳንዱም ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ሰው የሚሳሳተው ሐምሌ ላይ ጣሪያው ሲያፈስ ሄዶ በማመልከቱ ነው። ሐምሌ ላይ ዝርዝሩ አልቋል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ የቤቱን ፎቶ በስልክ አንስተው፣ አሳትመው ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ። የተጣመመ ግድግዳ ከመቶ ቃል ይበልጣል። ቤትዎ አዌቱ ወንዝ ዳር ከሆነና ጎርፍ የሚገባ ከሆነም ይግለጹ፤ ይህ የአደጋ ጉዳይ ስለሆነ በሌላ ዓይን ይታያል።

የግል ተከራይ ከሆኑ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ይወቁ። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ይደነግጋል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ስለሆነ፣ ከአከራይዎ ጋር ከመሟገትዎ በፊት ለእርስዎ ሰፈር ተግባራዊ መሆኑን ከከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ሆነም አልሆነም ኪራይዎን በባንክ መክፈል ይጀምሩ፤ ማስረጃ ይሆናል።

ስድስተኛ፦ የገንዘብና የምግብ ድጋፍ

የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለከተማ ድሆች የሚደረገው የመንግሥት ድጋፍ፣ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ተጀምሮ በሁለተኛው ምዕራፍ ወደ 83 ከተሞች ሰፍቷል። ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ አለው። መሥራት የሚችል ሰው በፅዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰለው የአካባቢ ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል። መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕሙማን ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ክፍያው በባንክ ነው የሚገባው፤ መታወቂያ ያልታደሰለት ሰው ስሙ ወጥቶም ገንዘቡን ማውጣት ይቸግረዋል።

ምልመላ ሲኖር መጀመሪያ የሰፈሩ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ከዚያ መረጃ ሰብሳቢ ቤት መጥቶ ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ የቤት ዕቃውንና የቤተሰቡን ቁጥር ይጠይቃል። እውነቱን ይንገሩት። እንግዳ መጣ ብለው ከጎረቤት ሶፋ አይዋሱ። ይህን ስል የሚስቅ ይኖራል፤ በክብር የኖሩ እናቶች ግን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፣ በኋላም «የተሻለ ኑሮ» ተብሎ ይጻፍባቸዋል። የመጀመሪያው ዝርዝር ሲለጠፍ ስምዎ ከሌለ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ ቅሬታው ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት መግባት አለበት።

በኦሮሚያ ደግሞ ቡሳ ጎኖፋ አለ። በቆየው የኦሮሞ የመረዳዳት ባህል ላይ የተመሠረተ፣ በአዋጅ የተቋቋመ ተቋም ነው፤ አባላት ያዋጣሉ፣ ለተቸገረና አደጋ ለደረሰበት ይሰጣል። ቤት ተቃጥሎ ወይም በጎርፍ ተወስዶ ከሆነ ፈጥነው የሚጠይቁት እዚህ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ነኝና አይመለከተኝም ብለው አይተዉት፤ የከተማው ነዋሪ ሁሉ ነው።

የመንግሥቱ እስኪደርስ የሚያደርሰው ግን እድሩ ነው። የእድር ዳኛው ብዙ ጊዜ የቀበሌው ምልመላ ኮሚቴ ውስጥም ስለሚገባ፣ ወርሃዊ መዋጮ ያቋረጡ አረጋዊ ካሉ ሰፈሩ ተባብሮ ቢያስቀጥልላቸው ጥቅሙ ድርብ ነው። በመስጊድ ኮሚቴ በኩል የሚከፋፈል ዘካ አለ፣ በተለይ በረመዳን፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሰበካ ጉባኤው አለ። ጅማ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት ሳይጠይቁ ሲረዱ አይቻለሁ፤ አጥሩን የምናጥረው እኛው ነን።

ሰባተኛ፦ ጥቃት የደረሰባት ሴት ወይም ሕፃን

እዚህ ላይ ከቀበሌ አይጀመርም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው የሚሄዱት። ከመደፈር በኋላ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቀድሞ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። እርግዝና የሚከላከለው እስከ አምስት ቀን ይሰጣል። ልብሷን አይጠቡ፣ ገላዋንም ሳትታጠብ ትሂድ፤ ልብሱን በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይያዙ። 72 ሰዓቱ ቢያልፍም ሕክምናውም የሕክምና ማስረጃውም አይቀርም። ፖሊስ ዘንድ ቀርባ ካላመለከተች ተብላ ሕክምና ልትከለከል አይገባም። ሽማግሌ ይዞ «በእርቅ እንጨርሰው» የሚል ከመጣ በሕፃን ጉዳይ እርቅ የለም ብለው ይመልሱት።

ስምንተኛ፦ «አይሆንም» ሲባሉ

በቃል የተነገረ እንቢታ ይግባኝ አይባልበትም። አጭር ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ አንዱን ይስጡ፣ ሁለተኛው ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስጽፈው ይዘው ይውጡ። መልስ ካጡ ከቀበሌ ወደ ከተማው ቅሬታ ሰሚ ይሂዱ። የሕግ ጉዳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከቤት መባረር፣ የልጅ ቀለብ ወይም ውርስ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ አቤቱታ ይጽፉልዎታል፣ ያማክሩዎታል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ጅማ ላይ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው፤ አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ የለውም።

መራመድ ለማይችሉ

አልጋ ላይ የዋለን ሰው ተሸክሞ ቢሮ ለቢሮ ማዞር አያስፈልግም። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይንገሩና ቤት መጥታ ትየው፤ የምትሰጠውን ማስታወሻ ይዘው ቀበሌው ሰው እንዲልክ ያመልክቱ። ባንክ ሄዶ መፈረም የማይችል ከሆነ የውክልና ጉዳይ አለ፤ ወካዩ አእምሮው ንቁ እያለ ነው የሚሠራው፣ በኋላ ፍርድ ቤት ይጠይቃል። ተወካዩንም ሁለት ሰው በሚያየው መንገድ ይምረጡ። እማማ የወከሉት የእህታቸውን ልጅ ነው፤ ላስቲኩ ግን እስከ ዛሬ ትራሳቸው ሥር ነው፣ ሲጠየቁ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ፈትተው የሚያወጡት።